ሳይከፈልበት የታየ ካርታ

መቅደም ያለበት ኑዛዜው ነው። አዎን፣ በዶርማችን ካርታ እንጫወታለን። መብራት ሲጠፋ በሻማ እንጫወታለን፤ መብራት ሲመጣ ደግሞ ሻማ ተረፈልን ብለን እንጫወታለን። ድሮ የምናውቀው ኮንከር ብቻ ነበር። አምና አንድ የምሕንድስና ተማሪ፣ ከየት እንደተማረው እንጃ፣ ፖከር ይዞብን መጣ። ከዚያ ወዲህ ኮንከር የልጆች ጨዋታ መስሎ ታየን።

መጀመሪያ ሰሞን የምናስይዘው የሽምብራ ቆሎ ነበር። ችግሩ ቁማርተኛው ገንዘቡን እየበላ አስቸገረ። ከመካከላችን አንዱ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሸነፍ ባዶውን የቀረበት ቀን አለ። እንዲህ ሲሆን ጊዜ ወደ ብር ተሻገርን፤ ብር አይበላም ብለን። (ብርም ይበላል፤ ይህን በኋላ ነው ያወቅነው።)

ጨዋታውን ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ካርታ በስውር ይሰጠዋል። ከዚያ አምስት ካርታ በግልጽ ይወጣል፤ መጀመሪያ ሦስት፣ ቀጥሎ አንድ፣ ቀጥሎ አንድ። ከሰባቱ ምርጥ አምስት ያለው ይበላል። በየመሃሉ ገንዘብ ይያዛል፤ አንዱ ሲያስይዝ ሌላው ወይ እኩል ከፍሎ ያያል፣ ወይ ይጨምርበታል፣ ወይ ካርታውን ይጥላል። ሁሉም ከጣለ ያስያዘው ሰው መሃል ያለውን ይሰበስባል፤ ምን ይዞ እንደነበር የማሳየት ግዴታ የለበትም። ማየት የፈለገ አስቀድሞ ከፍሎ ማየት ነበረበት። ይህችን ደንብ ያዙልኝ። የወጉ ነገር ሁሉ ያለው እሷ ላይ ነው።

ባዶ ሆኖ ሳለ የሞላለት መስሎ ገንዘብ መወርወር ብለፍ ይባላል። አማርኛ ልፈልግለት ሞክሬ ነበር። ጉራ አይደለም፤ ጉረኛ ካላመኑት ይናደዳል እንጂ አይከስርም። ውሸትም አይደለም፤ ሁላችንም እንዲህ እንደምናደርግ አውቀን፣ ተስማምተን ነው የተቀመጥነው። ፉከራ ትንሽ ይቀርበዋል፤ ግን ፎካሪ ቢያንስ ጋሻ አለው። እንግዲህ ብለፍ እንዳልነው ይቅር።

አሁን ወደ የኔታ ልምጣ። የኔታ የምንለው ልጅ ከእኛ በአራት ዓመት ይበልጣል። ወደ አስኳላ ከመምጣቱ በፊት ጎጃም ቅኔ ቤት ነበር፤ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ከሰፈር ውሻ ጋር እየተጋፈጠ የተማረ የቆሎ ተማሪ ነው። በሽምብራ ስንቆምር ያየን ቀን፣ «እኔ የተማርኩበትን ቆሎ እናንተ ልትቆምሩበት!» ብሎ ስቆብን ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአልጋው ላይ ሆኖ አየን። በሦስተኛው ሳምንት ወርዶ ተቀመጠ።

«ይህማ ቅኔ ነው» አለ። «ሰውየው ሰሙን ያሳያችኋል፣ ወርቁን ደብቆ ይይዛል።»

ሰምና ወርቅን በነገሩ ሁሉ ላይ መለጠፍ የእኛ የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች በሽታ መሆኑን አላጣሁትም። ይህን ያለው ግን እኔ አይደለሁም፤ ቅኔ የቆጠረው ሰው ነው።

የኔታ ጨዋታው ገባው። ጥሩ ተጫዋች ነበር። ሰው ሲተነፍስ ይሰማል። ግጥም ጽፌ ሳነብለት የት ላይ እንደዋሸሁ የሚነግረኝ እሱ ብቻ ነበር፤ «እዚህ ጋ አልመጣልህም፣ ሞልተህበት ነው» ይለኛል፣ ልክም ነው። ይህን ያነሣሁት በኋላ ስላጣሁት ነው።

ያቺ ቀን ዓርብ ነበረች። አምስት ሆነን ጀምረን ሦስቱ ካርታቸውን ጣሉና እኔና የኔታ ቀረን። ጠረጴዛው ላይ (ጠረጴዛ ስል ሻንጣ ማለቴ ነው) ንጉሥ፣ ዘጠኝና አምስት ወጥተዋል፤ ንጉሡና ዘጠኙ ቀይ ልብ ናቸው። እኔ የያዝኩት ጥቁር ስምንትና ጥቁር ስድስት ነው። ሰባት ብትመጣልኝ ከአምስት እስከ ዘጠኝ ተከታትሎ ይሞላልኛል። አራተኛዋ ካርታ ሁለት ሆነች። አምስተኛዋ ጃክ፣ ያውም የልብ ጃክ ሆነች። ሰባት የለም፤ በእጄ ያለው ምንም ነው። ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ ሦስት ልብ ተዘርግቷል። በእጁ ሁለት ልብ የያዘ ሰው አምስት ልብ ሞላለት ማለት ነው፤ ፍላሽ ይሉታል።

መሃል 500 ብር ተከማችቷል። ከዚያ ውስጥ 240ው የየኔታ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም ካስቀመጠው ላይ እንዳወጣው ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ሌላ 500 ብር፣ የቀረኝን ሁሉ ማለት ነው፣ ወደ መሃል ገፋሁ።

የኔታ አሰበ። እኔን አላየኝም፣ ካርታውንም አላየም፤ ያየው ጣሪያውን ነው። ሻማዋ ስትንጠባጠብ ይሰማ ነበር። በመጨረሻ፣

«ሞላልህ» አለ። «ልብ በልብ ሆነሃል።»

ሁለት ዘጠኞቹን ገልብጦ አሳየንና ጣላቸው። ጠረጴዛው ላይ ካለችው ጋር ሦስት ዘጠኝ! የእኛ ዶርም እንዲህ ያለ ካርታ ተጥሎ አያውቅም።

ገንዘቡን ሰብስቤ ዝም ብል ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር። እጄ ግን አልታዘዘኝም። ስምንቷንና ስድስቷን ገልብጬ ፊቱ ላይ ዘረጋኋቸው። አንዲት ልብ እንኳ የለችም። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። ላይኛው አልጋ ተኝቶ የነበረ ልጅ ነቅቶ አብሮ ሳቀ፤ ምን እንዳሳቀው ሳያውቅ። የኔታ ጎንበስ ብሎ ካርታዎቹን አያቸውና፣

«ለካ ልብ የለህም» አለ።

ሌላ ሳቅ። እኔም ሳቅሁ። የገባኝ መስሎኝ ነበር፤ ልብ የለህም፣ ማለትም የልብ ካርታ አልያዝክም። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ ነው ወርቁ የበራልኝ። ተነሥቼ ተቀመጥኩ። የኔታ ታች አልጋው ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኝቷል፤ ወይም የተኛ መስሏል። ያም ብለፍ ነው።

ጠዋት ከቁርስ በፊት 240 ብሩን አውጥቼ ሰጠሁት።

«ምንድነው?»

«ገንዘብህ።»

«የእኔ አይደለም። ተጫውተህ ወሰድከው፣ የወሰድከው የአንተ ነው።» የጫማውን ክር እያሰረ ትንሽ ቆየና፣ «የሰጠኸኝን ግን አልጠየቅሁህም ነበር» አለኝ።

ከዚያች ቀን ወዲያ ከእኛ ጋር አልተጫወተም። ግጥም ሳነብለትም «ጥሩ ነው» ማለት ጀመረ። ጥሩ ነው! በሕይወቴ እንደዚህ ያለ ክፉ ሂስ ደርሶብኝ አያውቅም።

የሂውማኒቲስ ተማሪ ጥፋት ሲያጠፋ ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ መጽሐፍ ይገልጣል። እኔም ገለጥኩ። የፈለግሁት መከላከያ ነው፤ ብለፍ ማሳየት ተገቢ ነው የሚል አንድ ታላቅ ሰው ባገኝ፣ ስሙን ጠቅሼ ለየኔታ ላቀርብለት።

የመጀመሪያ መከላከያዬ መጽሐፍ እንኳ አላስፈለገውም። «ያሳየሁት እውነቱን ነው። እውነት ማሳየት ከመቼ ወዲህ ነውር ሆነ?» ብዬ ለራሴ ተከራከርኩ። ይህ ሁለት ቀን ያህል ጸናልኝ። በሦስተኛው ቀን ያቺ ደንብ ትዝ አለችኝ። እውነቷ እኮ ዋጋ ተቆርጦላት ነበር፤ 500 ብር። የኔታ አሰበበት፣ በዚህ ዋጋ አልገዛትም ብሎ ተወ። ሊያውቃት የሚችልበትን በር ራሱ ዘግቶ ሄደ። እኔ ከኋላው ሮጬ በነጻ ፊቱ ላይ ለጠፍኩለት። ደግሞም የኔታ ሲጥል አልተሳሳተም። ሦስት ልብ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሏል፤ ተጫውቼ ከማያውቀው በላይ ገንዘብ ገፍቻለሁ፤ ባየው ልክ አስቦ ወሰነ። ደህና ውሳኔ ነበር። ካርታዬን ስገልጠው ያ ደህና ውሳኔ በአንድ አፍታ መሳቂያ ሆነ። የወሰድኩበት ገንዘብ ብቻ አልነበረም ማለት ነው። ማሰቡንም ወሰድኩበት።

ሁለተኛው መከላከያ ስልት ነው፤ እዚህ ላይ በርግጥ ታላላቅ ሰዎች አሉ። ጆን ፎን ኖይማን የተባለው የሒሳብ ሊቅ ስለ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1928 ጽፏል፤ በ1944 ደግሞ ከኦስካር ሞርገንስተርን ጋር ሆኖ ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ፖከርን በሒሳብ በትኖ አሳይቷል። ብለፍ ሁለት ጥቅም አለው ይላል። አንደኛው ግልጹ ነው፤ ደካማው ብርቱ መስሎ መታየቱ። ሁለተኛው ረቀቅ ይላል፤ ብርቱው ደካማ መስሎ እንዲታይ ማድረግ። ብለፍ ያደርጋል ተብሎ የተጠረጠረ ሰው የእውነት ሲሞላለት ሰዎች ሳያምኑት ይከፍሉታል። ስለዚህ አንዳንዴ መያዝ ራሱ ጥቅም አለው።

ሒሳቡ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ሰዎች እንኳ አይከብድም። መሃል 500 አለ፤ እኔ 500 ጨመርኩ። የኔታ ለማየት 500 ይከፍላል፤ ቢያሸንፍ የሚያገኘው 1000 ነው። እንዲህ ካስያዝኩባቸው ሦስት ጊዜዎች አንዱን ብቻ ባዶ ብሆን፣ የኔታ ሁልጊዜ ቢያይም ሁልጊዜ ቢጥልም ትርፍና ኪሳራው እኩል ነው። ከሦስት አንድ በታች ነው ብሎ ካመነ ይጥላል፤ በላይ ነው ብሎ ካመነ ያያል። እንግዲህ ባዶ ካርታ ገልጦ ማሳየት በሰውየው ጭንቅላት ውስጥ ያለውን ያን ቁጥር ከፍ ማድረግ ነው። ከዚያ ወዲያ ብለፉን ቀነስ አድርጎ፣ ሲሞላ ብቻ ማስያዝና እንዲከፍሉ መጠበቅ ነው። ቁማርተኞቹ «ማስታወቂያ» የሚሉት ይህንን ነው። ማስታወቂያ ደግሞ ነገም ወደ ሱቁ የሚመጣ ደንበኛ ላለው ነጋዴ ነው የሚጠቅመው፤ ዳግም ለማታየው መንገደኛ ብለፍህን ብታሳየው ያከሰርከው የራስህን ምስጢር ነው።

እኔ ደንበኛ ነበረኝ፤ ያውም አንድ ክፍል ውስጥ አብሮኝ የሚያድር። ስልቱ ልክ ነበር ማለት ነው። ነገር ግን ካርታውን በገለጥኩባት ቅጽበት ይህ ሁሉ ሒሳብ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር ብላችሁ ታምናላችሁ? አልነበረም። የፈለግሁት ጭብጨባ ነው። ብለፍ ያደረገ ሰው ብቸኛ ነው፤ በዚያች ሰዓት ከሠራው ሥራ ሁሉ የተሻለውን ሠርቶ ያየለት የለም። ባለቅኔ ቢሆን ምስጢሩን ያገኘለት አድማጭ «ይበል!» ይለዋል። ብለፍ ግን ከተገኘ ሞተ፣ ካልተገኘ ደግሞ ይበል የሚል የለም። ስለዚህ ራሴ ቅኔዬን ፈትቼ፣ ራሴ ይበል አስባልኩ። የኔታ አንድ ጊዜ እንደነገረኝ፣ ቅኔ ቤት የራሱን ቅኔ ለአድማጭ የሚፈታ ሰው ያሳፍራል።

ስልት የሆነ ማሳየትማ የጃክ ስትራውስ ነው። ስትራውስ እ.ኤ.አ. በ1982 ላስ ቬጋስ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ አሜሪካዊ ቁማርተኛ ነው። ፖከር ተጫዋቾች ስለሱ ደጋግመው የሚተርኳት ታሪክ እንዲህ ናት። በእጁ ሰባትና ሁለት ይዟል፤ ሲጀመር ከሁሉ የከፋ የሚባለው ካርታ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሰባት፣ ሦስት፣ ሦስት ወጣ። ተቃራኒው ከሱ የሚበልጥ ጥንድ ይዟል። አራተኛዋ ካርታ ሁለት ሆና መጣች፤ ስትራውስን ምንም አልረዳችውም። እሱ ግን 18,000 ዶላር ገፋ። ሰውየው ሲያመነታ ስትራውስ እንዲህ አለው፦ 25 ዶላር ብቻ ስጠኝና ከሁለቱ ካርታዎቼ አንዷን፣ የፈለግሃትን፣ አሳይሃለሁ። ሰውየው ከፈለ፣ በጣቱ ጠቆመ፣ የተገለጠችው ሁለት ሆነች። ሰውየው አሰበ፦ የፈለግሃትን ምረጥ ካለኝ ሁለቱም አንድ ዓይነት ቢሆኑ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሁለት ይዞ፣ ከጠረጴዛው ሁለትና ሁለት ሦስቶች ጋር ፉል ሃውስ ሆኖለታል። ጣለ።

ይህን ሳነብ ከአልጋዬ ላይ ተነሥቼ ክፍሉን ዞርኩት። ሰውየው የታየችው ካርታ እውነተኛ ናት፤ ስትራውስም አንዲት ቃል አልዋሸም። እውነትን ግማሹን ገልጦ በዚያው ማታለል ይቻላል ለካ። ለእኔ ግን ያስገረመኝ ሌላው ነገር ነው፤ ስትራውስ አስከፍሏል። 25 ዶላር ምንም አይደለችም፤ ግን ሰውየው ፈልጎ፣ ከፍሎ፣ መርጦ አየ። ጨዋታው ገና አላለቀም፤ ሁለቱም ውስጡ ናቸው። እኔ ያሳየሁት ጨዋታው ካለቀ በኋላ ነው። የኔታ ከተጫዋችነት ወጥቶ ሰው ሆኖ ሳለ ነው።

ሌላው ማሳያ ካሜራው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ላስ ቬጋስ በተደረገው የዓለም ውድድር ክሪስ መኒሜከር የተባለ የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ፣ መግቢያው 10,000 ዶላር የሆነውን ውድድር ከ100 ዶላር ባነሰ የኢንተርኔት ማጣሪያ ገብቶ፣ ሳሚ ፋርሃ ከሚባል የታወቀ ቁማርተኛ ጋር ለፍጻሜ ቀረበ። መኒሜከር የጠበቃቸው ካርታዎች ሁሉ ሳይመጡ ቀሩ፤ ባዶ ነው። ያለውን ሁሉ ገፋ። ፋርሃ የዘጠኝ ጥንድ ይዞ፣ አስቦ አስቦ ጣለ። ቪዲዮውን በስልኬ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ተመልካች የሁለቱንም ካርታ ያያል፤ ፋርሃ ብቻ ነው በዚያች ደቂቃ የማያውቀው። «አትጣል!» ብላችሁ ትጮኻላችሁ። መኒሜከር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ 839 የነበረው የተወዳዳሪ ቁጥር በዓመቱ 2,576 ሆነ። የሰው ብለፍ ማየት እንደዚህ ይጥማል፤ የራስ ካልሆነ።

ያን ካሜራ፣ ማለትም የተደበቀውን ካርታ ለተመልካች የሚያሳየውን፣ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስሙ ያስመዘገበው ሄንሪ ኦረንስታይን የሚባል ሰው ነው። ትውልዱ ፖላንድ፣ አይሁዳዊ ነው። በናዚዎች ካምፕ ታስሮ ሳለ ሳይንቲስቶች ይፈለጋሉ ሲባል እሱና ወንድሞቹ ሳይንቲስት ሳይሆኑ ነን ብለው ተመዘገቡ። ያች ብለፍ ሕይወቱን ካተረፉለት ነገሮች አንዷ ናት። ከጦርነቱ በኋላ አሜሪካ ሄዶ በአሻንጉሊት ፈጠራ ከበረ፤ ሲያረጅ ደግሞ ይህን ካሜራ ፈጠረ። አስቡት፤ ብለፉ ብትታይበት በማግሥቱ የሚሞት የነበረ ሰው፣ የዓለምን ብለፍ ሁሉ የምታሳይ መስተዋት ሠራ። ከዚህ ምን እንደምቀምር ለብዙ ቀን አሰብኩበት። አንድ ነገር ብቻ ነው የያዝኩት። ካሜራው ሲቀመጥ ተጫዋቾቹ ሁሉ ያውቃሉ፤ አውቀውና ፈቅደው ይቀመጣሉ። የኔታ ሲቀመጥ ካሜራ አልነበረም።

ፍትሕ ለእኔም ይሁንና፣ ማሳየት ሁሉ ክፉ አይደለም። አንዴ አንድ አንደኛ ዓመት ተማሪ ጥሩ ካርታ ይዞ ፈርቶ ሲጥል፣ ዓይኑ እንባ ሲያቀር አየሁና የሞላውን ካርታዬን ገልጬ «ልክ ነህ፣ በደንብ ጣልክ» አልኩት። ልጁ ያን ሌሊት ተኛ። ግን እሱንም ሳስበው ያሳየሁት ለደግነት ብቻ ነበር? ሲያስይዝ የእውነት ነው እንድባልም ነበር። ደግነትና ስልት አንድ ጋቢ ለብሰው ሲመጡ መለየት ይቸግራል። የፖከር ደንብ ደግሞ ለአንዱ በስውር ማሳየትን ይከለክላል፤ ለአንዱ ያሳየኸውን ለሁሉም አሳይ ነው የሚለው። በዚህ ደንብ የኔታን ለብቻው ጠርቼ ብነግረው እንኳ ሕግ በጣሽ ነበርኩ። ይህም አንድ ሳምንት አጽናንቶኛል።

ይህ ሁሉ ፍልስፍና ሦስት ሳምንት ሞላው። አንድ ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የኔታ ስልኩ ስለተሰበረ ለቤተሰቡ የእኔን ቁጥር ሰጥቶ ነበር። ድምፁ የሽማግሌ ነው። መናኸሪያ መድረሳቸውን፣ የደወሉት በመንገደኛ ስልክ መሆኑን፣ ልጃቸው መጥቶ እንዲወስዳቸው ነገሩኝና ተዘጋ።

ወደ ላይብረሪ ሮጥኩ። የኔታ ከሁለት የዶርም ልጆች ጋር ተቀምጧል።

«አባትህ መጥተዋል፤ መናኸሪያ ናቸው፣ ቶሎ ሂድ!»

ፊቴን አየው። እንደዚያ ቀን ጣሪያውን አይደለም፣ ፊቴን። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

«አሁን ደግሞ ምን ይዘሃል?» አለኝ።

ልጆቹ ሳቁ። በእናቴ ሞት ብዬ ማልኩ። «ሞላልህ እንዴ?» አለና ወደ መጽሐፉ ተመለሰ። በተደወለበት ቁጥር መልሼ ብደውል ተዘግቷል። ገልጬ የማሳየው ነገር በእጄ አልነበረም። ፎን ኖይማን እንዳለው ነው፤ ሞልቶልኝ ሳለ አላመነኝም። በመጽሐፉ መሠረት ይህ ትርፍ ነው።

ብቻዬን ሄድኩ። መናኸሪያ ሄዶ የማያውቁትን ሽማግሌ መፈለግ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ጋቢ የለበሰውን ሁሉ «የማን አባት ነዎት?» እያልኩ ስዞር ፀሐይ ጠለቀች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን በጥግ በኩል ስልቻ ላይ ቁጭ ብለው፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መሃል አቁመው አገኘኋቸው። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከዚያች ቦታ አልተነሡም። ልጃቸው መጥቶ እንዳያጣቸው።

«ልጄስ?» አሉኝ።

«ፈተና ላይ ነው፣ አባባ። እሱ ነው የላከኝ።»

አመኑኝ። እግዜር ይስጥህ ብለው መረቁኝ። ከዚያች ዓርብ ወዲህ ያደረግኋት ብለፍ እሷ ብቻ ናት።

ግቢው በር ስንደርስ በአንድ ልጅ አስጠራሁት። የኔታ ከሩቅ ሲያያቸው እርምጃው ተሰበረ፤ ከዚያ ሮጠ። ጉልበታቸውን ሳመ። አባቱ ራሱን እየዳበሱ፣

«ፈተና ላይ ነህ አለኝ ጓደኛህ። እንዴት ሆነልህ?» አሉት።

የኔታ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ያን ጊዜ ምንም አልገለጥኩም።

«ከባድ ነበር፣ አባባ» አለ። «የወደቅሁ ይመስለኛል።»

«አይዞህ፣ የወደቀ ይነሣል» አሉ አባቱ፤ ስልቻውን ወደ እሱ እየገፉ።

አባቱ ሁለት ቀን ዘመድ ቤት ሰንብተው ተመለሱ። በስልቻው ውስጥ በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ከሥሩ ደግሞ የሽምብራ ቆሎ ነበረ። ቅዳሜ ማታ መብራት ጠፋ። ሻንጣውን አጋድመን ካርታ ስናድል የኔታ ሳይጠራ ከአልጋው ወረደና ሽምብራውን ሻንጣው ላይ ዘረገፈው።

«በዚህ ከሆነ እጫወታለሁ» አለ።

ሌሊቱ ሲጋመስ እንደገና እሱና እኔ ቀረን። ሁለት ጥንድ ይዣለሁ፤ ደህና ካርታ ነው። የኔታ ፊቱ የተከመረውን ሽምብራ በሙሉ በሁለት እጁ አቅፎ ወደ መሃል ገፋው። ፊቱን አየሁት፤ ትንፋሹን አዳመጥኩት፤ ከሦስት አንድ ስንት ጊዜ እንደሆነ አሰላሁ። ጣልኩ።

ካርታዎቹን ወደ ታች እንደደፋቸው ከቀሩት ጋር ቀላቀለና በወዛቸው።

«ምን ይዘህ ነበር?» አልኩት።

ካሸነፈው ላይ አንድ ጭብጥ ወደ አፉ አደረገ። እያኘከ፣

«ከፍለህ ታይ ነበር» አለና ሌላ ጭብጥ ዘግኖ ወደ እኔ ዘረጋ።